ተቋርጦ የቆየ ንግድ እንዴት እንደገና ይጀመራል?

በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ንግድ ነው። «የኤች አይ ቪ መጽሔት ከንግድ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ይጁቤ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ስለ ንግድ ሥራ ስናስተምር መጽሐፉ የሚነግረን ስለ አዲስ ጀማሪ ነው። መነሻ ገንዘብ ከየት ይገኛል፣ ገበያው እንዴት ይጠናል፣ ዕቅድ እንዴት ይወጣል። አንድ ቀን ይህንኑ ሳስረዳ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ጀምሮ የተወውስ? እሱም እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው?» አለኝ። ጥያቄው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በከተማው ውስጥ ግን ሞልቷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ የተነሣ ሥራቸውን ያቆሙ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ ሲጠፋ ሱቁን ቆልፎ የተቀመጠው ብዙ ነው። በሕመም ምክንያት ያቆመም አለ፤ ስለዚህኛው ግን ጮክ ተብሎ አይወራም።

ለልጁ የሰጠሁት አጭር መልስ «አይደለም» የሚል ነበር። አቋርጦ የሚመለስ ሰው አዲስ ጀማሪ አይደለም። አዲስ ጀማሪ የሌለው ነገር አለው፤ ሰው ያውቀዋል። አዲስ ጀማሪ የሌለበት ነገርም አለበት፤ ዕዳና ወሬ። ረጅሙ መልስ የሚከተለው ነው።

ዓባይ ሲሞላ የሚቆም ንግድ

ስለ ማቋረጥና ስለ መመለስ ለመማር የአካባቢያችን ታሪክ ራሱ ጥሩ መምህር ነው። ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ በኩል፣ አሰንዳቦ ገበያን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወዲህ ይመጣል። የሚያመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይቀበለዋል። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር፤ ቢያሳፍርም ታሪካችንን ስናወራ ይህን ዘልሎ ማለፍ አይገባም። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ ቆይቶ ስለዚህ ንግድ ጽፏል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል። በዚያ ዘመን በዚህ በኩል የሚያሻግር ድልድይ የለም። ስለዚህ የማዶው ነጋዴ ማዶ፣ የወዲሁ ወዲህ ይቀራል። ዝናቡ አባርቶ፣ ወንዙ ጎድሎ መሻገሪያው እስኪገኝ ድረስ ለወራት ጭነት አይንቀሳቀስም። ይህ በየዓመቱ ነው የሚሆነው። ታዲያ ንግዱ ለምን አልሞተም?

ሁሉም ሰው መቼ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ነው። ባለጨውም፣ ባለቡናም፣ ዕዳ ያለበትም ዕዳ ያለውም «ወንዙ ሲጎድል» ብሎ ቀጠሮ ይዟል። የሚያልቅበት ጊዜ የታወቀ ማቋረጥ ደንበኛ አይበትንም። ደንበኛን የሚበትነው ቀን ያልተቆረጠለት፣ «ምን ሆነው ነው?» ቢባል መልስ የሌለው ማቋረጥ ነው። ሕመም እንዲህ ያለ ማቋረጥ ነው። ሕመም ቀን አይቆርጥም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተከፈተ ደብተር

እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት በ1998 ዓ.ም. ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ተነጋግረናል። ዛሬም ይነግዳሉ። ለዚህ ጽሑፍ ብለው የድሮ ደብተራቸውን አውጥተው አሳይተውኛል፤ ዳሩ በአይጥ የተበላ፣ የሻይ ጠብታ ያለበት ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው።

እትዬ ቀድሞ ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻቸው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ። ዋናዎቹ ደንበኞች ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችና በገበያ ቀን የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. ታመሙ። መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ክብደት መቀነስ፣ ከዚያ ጨርሶ አልጋ ላይ መዋል። ሻይ ቤቷ ተዘጋች። የተረፈው ስኳርና ሻይ ቅጠል ለሕክምና ተሸጠ። ቀጥሎ ብርጭቆና ሳህኑ፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሩ። ሳይሸጡ የቀሩት ሚዛኑ፣ ማንቆርቆሪያውና ደብተሩ ብቻ ናቸው። «ደብተሩን ማን ይገዛኛል?» ብለው ሳቁብኝ።

ጊዜውን አስታውሱ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ክፍያው ደግሞ ከአንድ የሻይ ቤት ባለቤት አቅም በላይ ነበር። በነጻ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. አጋማሽ ነው። እትዬ በዚያው ዓመት ተመርምረው ራሳቸውን አወቁና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እየተመላለሱ መድኃኒቱን ጀመሩ። በወራት ውስጥ ቆሙ። «ይቺማ አልቆላታል» ሲባሉ የነበሩት ሴት ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ያዩ ጎረቤቶች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር በየከተማው ይታይ ነበር።

መቆም አንድ ነገር ነው። ሥራ ላይ መመለስ ሌላ ነው። የጤና ባለሙያው ክኒኑን ይሰጣል፤ ደንበኛ ግን አይሰጥም።

አስቀድሞ የሚኬደው ወደ ገበያ አይደለም

እትዬ ከመክፈታቸው በፊት የሠሩት ሥራ ደብተሩን መግለጥ ነው። በአንድ ገጽ ላይ እሳቸው ያለባቸውን ዕዳ ጻፉ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ለሦስቱም በየቤታቸው እየሄዱ ተመሳሳይ ነገር ነገሩ፤ «አለሁ። ያለብኝን አልረሳሁም። በአንድ ጊዜ መክፈል አልችልም፤ በየገበያው ቀን ግን ይቺን ያህል እሰጣለሁ።» አንደኛው ጨው አከፋፋይ ሽማግሌ ደንግጠው፣ «ኧረ እኔስ ሞታለች ብዬ ሰርዤው ነበር!» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው መልሰው ይጻፉት» አሏቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁና ግማሽ ኩንታል ጨው በዱቤ ጨመሩላቸው።

ይህን የምነግራችሁ ለወግ አይደለም። ዕዳውን ራሱ ሄዶ የተናገረ ሰው አዲስ ዱቤ አገኘ። አበዳሪ ከሁሉ የሚፈራው ተበዳሪው መደበቁን ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሳይናገር ሱቅ ሲከፍት ግን አበዳሪው መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ነው፤ «ለእኔ የለውም፣ ለዚህ አለው» ይላል። ያን ጊዜ ነገሩ ይበላሻል።

በሌላው ገጽ ላይ ከእሳቸው በዱቤ የወሰዱ ሰዎች ስም አለ። እነዚህን ደግሞ ለይተው አስቀመጡ። መክፈል የሚችሉትን ጠየቁ፤ ግማሹ ከፈለ፣ ግማሹ «እስቲ ይቆይ» አለ። ከአካባቢው የሄዱትን ተዉ። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ ደግሞ ትንሽ መስቀል አለ። «እነዚህስ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ያረፉ ናቸው» አሉኝ። አንድ ገጽ ላይ አራት መስቀል ቆጠርኩ። ያ ዘመን እንዲያ ነበር። ከልጆቻቸው አልጠየቁም።

እቁብ ወዲያው አልገቡም። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ እቁብ የሚገቡ አሉ፤ እቁብ ግን በየሳምንቱ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገቢው ገና ቁርጥ ያላለ ሰው እቁቡን ለመክፈል ሲል ይበደራል። እድራቸው ግን አልተቋረጠም ነበር። በታመሙበት ጊዜ አንዲት ጎረቤት እየከፈለችላቸው ቆይታለች። አራጣም አልተበደሩም። በዚያን ጊዜ የብድር ተቋማት ለትንሽ ነጋዴ የሚያበድሩት በአብዛኛው በቡድን ዋስትና ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ቡድን ለመግባት የሚደፍር ደግሞ አልተገኘም። ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግታችሁም።

ምን ይዞ መጀመር? እስቲ እናስላው

እትዬ ሻይ ቤቷን ወዲያው አልከፈቱም። የጀመሩት መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ በመቸርቸር ነው። ምክንያታቸው ሁለት ነው። ሁለተኛውን ቆይቼ እመጣበታለሁ። የመጀመሪያው የገንዘብ ዙር ነው።

በዛሬ ገንዘብ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩን ለትምህርት ያህል እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሁለት ሴቶች እያንዳንዳቸው 3,000 ብር አላቸው። የመጀመሪያዋ ልብስ ገዛች። ልብሱ ተሸጦ የሚያልቀው በ8 ሳምንት ነው፤ ትርፉ 900 ብር ነው። ሁለተኛዋ ሽንኩርትና ጨው ገዛች። በሳምንት ውስጥ ይሸጣል፤ የበሰበሰውና የትራንስፖርቱ ተቀንሶ የተጣራ ትርፉ 240 ብር ብቻ ነው። «ታዲያ ልብስ አይሻልም? 900 የት፣ 240 የት!» ትሉ ይሆናል። ቆዩ። ሁለተኛዋ ያቺኑ 3,000 ብር በ8 ሳምንት ስምንት ጊዜ ታዞራታለች። 240 በ8 ሲባዛ 1,920 ብር ነው። በየሳምንቱ 100 ብር ዕዳ ብትከፍል፣ 800 ብር ከፍላ 1,120 ብር ይቀራታል። ባለልብሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ለአበዳሪዋ የምትሰጠው ብዙም የላትም፤ ገንዘቧ መስቀያ ላይ ተሰቅሏል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሽንኩርት ይበሰብሳል። በዝናብ ሳምንት ገበያተኛ ካልመጣ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ይነካል። እትዬ ጨውን ከሽንኩርት ጋር ያቀላቀሉት ለዚህ ነው፤ ጨው ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን አይበላሽም። የኪሱንና የሥራውን ገንዘብ ደግሞ አያቀላቅሉም። የሥራው በቆርቆሮ፣ የቤቱ በመቀነት። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ሁለት ሒሳብ መክፈት ትችላላችሁ፤ ነገሩ ያው ነው።

«የት ጠፍተሽ ነበር?»

የሚመለስ ሰው በየቀኑ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል። እትዬ መልስ አዘጋጅተው ነበር። «ታምሜ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ። ጨው ስንት ላድርግልሽ?» ይላሉ። በቃ። ውሸት የለበትም፣ ከዚህ የበለጠም የለበትም።

ውድ ወጣቶች፣ ይህን በደንብ ያዙት። ማንም ሰው የሕመሙን ስም ለገበያ የመንገር ግዴታ የለበትም። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ሰውየው ነው። ለትዳር ወይም ለፍቅር ጓደኛ መንገርና ጓደኛም እንዲመረመር ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ማድረግ ይገባል። ሽንኩርት ለሚገዛ ሰው ግን የሽንኩርቱን ዋጋ መንገር ይበቃል። በዚያ ዘመን «ወጥታችሁ ተናገሩ» የሚለው ግፊት የበዛ ይመስለኛል። የተናገሩት ጀግኖች ናቸው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፈዋል። ያልተናገረውን እንደ ፈሪ መቁጠር ግን ልክ አልነበረም።

እትዬ በቃላቸው የሚታወቁት በሌላ ነገር ነው፤ ቀናቸውን አያጥፉም። «ከመጪው ገበያ ጀምሮ እዚቺው ቦታ አለሁ» ብለው ጀመሩ፤ ሽንኩርት ባጡበት ሳምንት እንኳ ጨዋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰው «ዛሬ ትኖር ይሆን?» ማለቱን ሲያቆም ነው ደንበኛ የሚሆነው። ለመድኃኒት ቀጠሮ ሲሄዱም አስቀድመው ይናገራሉ፤ «የፊታችን ማክሰኞ የለሁም፣ ረቡዕ አለሁ።» ልክ ዓባይ ሲሞላ እንደሚያውቁት የባሶ ነጋዴዎች፣ ደንበኞቻቸው የሚመለሱበትን ቀን ያውቃሉ።

ቀጠሮውና ገበያው

ቀጠሮው በየወሩ ደብረ ማርቆስ ነበር። የትራንስፖርቱ ወጪ ከባድ ስለሆነ እትዬ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ እዚያው ከጅምላ ሻጭ ጨውና ሻይ ቅጠል ገዝተው ይመለሳሉ። አንዱ መንገድ ለሁለት ሥራ ዋለ። ቀጠሮውና የገበያው ቀን የተጋጨ ጊዜስ? «ገበያ በሳምንቱ ይመለሳል» አሉኝ፤ የሄዱት ወደ ቀጠሮው ነው።

ይህ የጤና ምክር ብቻ ሳይሆን የንግድም ምክር ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፤ ሱቁም ለሁለተኛ ጊዜ ይዘጋል። አልፎ አልፎ እየዘለሉ መውሰድም አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመድና ያው መድኃኒት መሥራቱን ሊያቆም ይችላል። በ1998 ዓ.ም. የእትዬ መድኃኒት ጠዋትና ማታ፣ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ነበር። ሰዓት ስላልነበራቸው የትምህርት ቤቱን ደወልና የጎረቤት ሬዲዮ ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ ነገሩ ቀሏል። አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ክኒን ነው፤ የተመረመረና ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሳይዘገይ ይጀምራል፤ ሁኔታው የተረጋጋ ሰው ደግሞ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ የሚችልበት አሠራር አለ። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው፣ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በእኔ የትምህርት ዘመን ይህን የሚነግረን አልነበረም፤ ገና በጥናት አልተረጋገጠም ነበርና።

መንገድ ተዘግቶ፣ ከቤት ተፈናቅሎ ወይም በሌላ ምክንያት መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰውስ? ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ወደ ጤና ተቋም ይመለስ። በቅርብ ያገኘው ጤና ጣቢያ ይሂድና ምን ያህል ጊዜ እንዳቋረጠ ይናገር። ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን ፈልጎ ወይም ከሌላ ሰው ተበድሮ በራሱ አይጀምር፤ ባለሙያው መጀመሪያ ሊመረምረው ይገባል። የሚያፍር ካለ ደግሞ እንዲህ ይሰብ፤ ጨው አከፋፋዩ ሽማግሌ እንኳ የሰረዙትን ስም መልሰው ጽፈዋል።

ኩባያው

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልምጣ። እትዬ በጨውና በሽንኩርት የጀመሩት ሰው የሚገዛቸው እሱን ብቻ እንደሆነ ስላወቁ ነው። ጨው አይፈራም። ሽንኩርት ይላጣል። ሻይ ግን ከእሳቸው እጅ፣ ከእሳቸው ኩባያ ነው የሚጠጣው። እንጀራ ደግሞ የባሰ ነው። ሰዉ ሳይነገረው ገምቶ ነበርና፣ ከእሳቸው ጨው ገዝቶ ለሻይ ሌላ ቤት የሚሄድ ብዙ ነበር።

እንደ ነጋዴ ካያችሁት ውሳኔያቸው ትክክል ነበር። ገበያው የሚቀበለውን ይዞ መጀመር። እንደ ሰው ሳየው ግን ይቆረቁረኛል። ሙያዋ ሻይና ሽሮ የሆነች ሴት፣ በሌላው ሰው አለማወቅ የተነሣ አንድ ዓመት ሙሉ ሙያዋን ትታ ሽንኩርት ቸረቸረች። ከሻይና ከምግብ የሚገኘው ትርፍ ከሽንኩርቱ ይበልጥ ነበር። መገለልና መድልዎ የሚባለው ነገር በብር ሲቆጠር ይህ ነው፤ የሚበላውም ለትራንስፖርት፣ ለተመጣጠነ ምግብና ለልጆች ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ ነው።

እውነታው እነሆ። ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት፣ በኩባያ፣ በሳህን፣ በመጨባበጥ፣ በሳል ወይም በአንድ መጸዳጃ በመጠቀም አይተላለፍም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ያዘጋጀውን ምግብ መመገብም አያስይዝም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና ስለታም መሣሪያ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ነው፤ ይህኛውንም በሕክምና በእጅጉ መከላከል ይቻላል። ይህን ሁላችሁም ለፈተና ታውቁታላችሁ። ጥያቄው የሻይ ሰዓት ሲደርስ የት ትሄዳላችሁ የሚለው ነው።

በ1999 ዓ.ም. እትዬ ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣዱ። የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው የትምህርት ቤታችን ፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት ነበርን፤ ሰባት ወይም ስምንት ልጆች። ስብሰባ አልጠራንም፣ ፖስተር አልለጠፍንም። በእረፍት ሰዓት ገብተን ሻይ ጠጣን፣ በማግስቱም እንዲሁ። (ሻያቸው ከሌላው ቤት በአምስት ሳንቲም ይረክስ እንደነበርም አልደብቅም።) ገበሬዎቹ እኛን አይተው ገቡ። መምህራንም ቆይተው መጡ። ወር ሳይሞላ አግዳሚ ወንበሩ ጠበበ።

አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻ አልመጡም። እትዬ ስለእነሱ ሲያወሩ አይማረሩም፤ «ከተማ ሰፊ ነው፤ የፈለገ የፈለገበት ይጠጣ» ይላሉ። እኔ ግን ያን ያህል ለጋስ አይደለሁም።

ዛሬ ለሚመለስ ሰው

ለጠያቂው ልጅ ቤተሰቦች የሚሆኑ ሁለት ጉዳዮች ልጨምር፤ በ1998 ዓ.ም. መሬት ላይ አንጥፎ ለሚቸረችር ሰው አያሳስቡም ነበር፤ ፈቃድ ላለው ሱቅ ግን ያሳስባሉ። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ያልታደሰ ፈቃድ ካለ ሳይከፍቱ በፊት ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያለበትን ሁኔታ መጠየቅ ነው። ግብሩም እንዲሁ። ሥራ ማቆሙን ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያላሳወቀ ነጋዴ እንደሚሠራ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ የተዘጋበትን ጊዜና ምክንያት የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ ቀድሞ መቅረብ፣ ሲጠሩ ከመሄድ ይሻላል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

እትዬ ዛሬ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት በስድስት ወር አንዴ ነው። በዚያ ቀን ሻይ ቤቷ ትዘጋለች። በሩ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይለጠፋል፤ «ዛሬ የለሁም። ነገ ጠዋት አለሁ።» ጽሑፉ የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሷም የእኔ ተማሪ ናት።

መልመጃ፦ አንድ ሱቅ ለ18 ወር ተዘግቶ ቆይቷል። ባለቤቷ በእጇ 6,000 ብር አላት። ለሁለት አከፋፋዮች 4,000 ብር ዕዳ አለባት። ሰዎች ከእሷ በዱቤ የወሰዱት 5,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ይከፈላል ብላ የምትገምተው 2,000 ብር ነው። ዕዳዋን በሙሉ ከፍላ በቀረው ትጀምር ወይስ በየሳምንቱ እየከፈለች? የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት በየሳምንቱ በሠንጠረዥ አስሉና በክበባችሁ ስብሰባ ተወያዩበት። ሠንጠረዡ ላይ ለመድኃኒት ቀጠሮ የምትሄድበትን አንድ ቀንና የትራንስፖርቱን ወጪ ማስገባት እንዳትረሱ።